ስሟን ጻፉላት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ዛሬ የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው። የሌላውን በደል ለመጻፍ የሚፈጥን ብዕር ወደ ራሱ ሲመጣ መዶልዶሙ የታወቀ ነው። ሆኖም ጥፋቱ የእኔ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ሆኖ ስላገኘሁት መሸሸግ አልፈለግሁም።

ታላቅ እህቴ በነቀምቴ ገበያ ቡና ትሸጣለች። ከገጠር የሚመጣውን ቡና ገዝታ፣ ለቅማና አበጥራ በኪሎ ትቸረችራለች፤ የዓለም ገበያ «ለቀምት» እያለ የሚጠራውን ያንኑ የወለጋ ቡና። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእጅ ስልክ ገዝቼ ስሰጣት ሲም ካርዱንም እኔው በስሜ አወጣሁላት። ወረፋ እንዳትጠብቅ፣ ከሥራዋም እንዳትፈታ አስቤ ነው፤ ደግነት መስሎኝ ነበር። በስልክ ገንዘብ መላክና መቀበል ሲመጣ በዚያው ቁጥር ጀመረች። ደንበኞቿ በስልክ ይከፍሏታል። ጎረቤቶቿም ስለሚያምኗት የእቁባቸውን ገንዘብ እሷ ዘንድ ያስቀምጣሉ።

አንድ የገበያ ቀን ስልኳ ተሰረቀ። ሌባው የምስጢር ቁጥሩን ስለማያውቅ ገንዘቡን አልነካውም። ግን ያንኑ ቁጥር በአዲስ ሲም ለመተካት ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ መቅረብ አለበት፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ባለቤት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ በዚያ ሰሞን ለሥራ ከአገር ወጥቼ ነበር። እህቴ መታወቂያዋን ይዛ ሄዳ «ቁጥሩ የእኔ ነው፤ ገንዘቡም የእኔና የእቁብተኞቼ ነው» ብትል፣ ሠራተኛዋ ኮምፒዩተሩን አይታ «እዚህ ያለው ያንቺ ስም አይደለም» አለቻት። ሠራተኛዋ አልተሳሳተችም፤ «የኔ ነው» ላለ ሁሉ ብትሰጥ ኖሮ ነበር ጥፋቱ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።

እስክመለስ ድረስ ሦስት ሳምንት አለፈ። በዚያ መካከል የእቁቡ ዕጣ የደረሳት አንዲት እናት ገንዘቧን ጠይቃ አጣች። ሐሜቱ ተጀመረ፤ «በልታዋለች» ተባለ። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ሳንቲም ሳታጎድል የሰው አማና የጠበቀች ሴት በሦስት ሳምንት ሌባ ልትባል ነበር። በመጨረሻ ገንዘቡ ለየባለቤቱ ደረሰ፤ አልሐምዱ ሊላህ። እህቴ ያለችኝን ግን አልረሳውም። «ስልኩን ለእኔ ሰጠኸኝ፤ ቁጥሩን ግን ለራስህ አስቀረኸው» ነበር ያለችኝ።

ውድ አንባብያን! ስለ ሴቶች እኩልነትና ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂ በየስብሰባው ብዙ ይነገራል። ወደ እኛ ጆሮ ሲደርስ አንዳንዶቻችን «የፈረንጅ ጉዳይ ነው» ብለን ፊታችንን እናዞራለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ አጨብጭበን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ነገሩ ከእህቴ ስልክ ሲነሳ ግን ለእኔ በጣም ግልጽ ሆኖ ታየኝ። ጉዳዩ ስም የመጻፍና ያለመጻፍ ጉዳይ ነው። «እኩልነት» የሚለውን ቃል የማይወድ ሰው ይኖር ይሆናል፤ «ሐቅ» የሚለውን ቃል የሚጠላ ሙስሊም ግን ሊኖር አይገባም።

የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ

ለመሆኑ በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ ከአንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ምን እንደሚናገር አስተውለን እናውቃለን? የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ነው። የሚናገረውም ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በዚህ አንቀጽ ውሉ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ጻፍ ሲባልም እምቢ እንዳይል ያዛል። ነገሩ ትንሽም ሆነ ትልቅ ከመጻፍ መሰላቸት እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። ጸሐፊውም ሆነ ምስክሩ እንዳይጎዱ ይከለክላል። ሶላትን፣ ጾምን፣ ሐጅን ያዘዘ ጌታ ረጅሙን አንቀጽ ለመዝገብ ጉዳይ መስጠቱ ለሚያስተነትን ሰው ብዙ ይናገራል። የሰው ሐቅ ከሚጠፋባቸው መንገዶች አንዱ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ እኔን የነካኝ ሌላ ቃል አለ። ባለጉዳዩ ደካማ ቢሆን ወይም ራሱ ማስጻፍ ባይችል ወሊዩ በፍትሕ እንዲያስጽፍለት ታዟል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ወሊዩ የሚያስጽፈው የራሱን ስም አይደለም፤ የዚያን ሰው ሐቅ ነው። እኔ ግን ለእህቴ አስጻፊ ሆኜ ሄጄ ራሴን አስጽፌ ተመለስሁ። እህቴ ደግሞ ደካማም አልነበረችም፤ መታወቂያ ያላት፣ ሒሳብ የምትችል ነጋዴ ነች። ስንቶቻችን ነን እንዲህ ያደረግን? የሚስቱን ሲም በስሙ ያወጣ፣ የእናቱን የባንክ ደብተር በስሙ የከፈተ፣ የእህቱን የውርስ ድርሻ «እኔ ይዤላት ነው» እያለ ሃያ ዓመት የተቀመጠ ስንቱ ነው? ሱረቱ ኒሳእ 7ኛው አንቀጽ ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት ሀብት ወንዶችም ሴቶችም ድርሻ እንዳላቸው፣ ሀብቱ ጥቂትም ይሁን ብዙ ድርሻው የታወቀ ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ያልተጻፈ ድርሻ ግን ለመካድ ይመቻል።

የዑመር መዝገብ

መዝገብ የዘመናዊ መንግሥት ፈጠራ የሚመስለው ሰው ካለ የኢስላምን ታሪክ ይመልከት። ኢማሙል ቡኻሪ በሐዲስ ስብስባቸው መሪ የሕዝቡን ስም ስለማስጻፉ ራሱን የቻለ ርእስ አላቸው። በዚያ ርእስ ሥር ሑዘይፋ (ረ.ዐ) እንዳወሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስልምናን የተቀበሉ ሰዎች እንዲመዘገቡላቸው ባዘዙ ጊዜ 1,500 ወንዶች ተመዝግበዋል። ቀጥሎ የመጣው ሐዲስ ደግሞ እጅግ የሚያስገርም ነው። አንድ ሰው ለዘመቻ ስሙ ከተጻፈ በኋላ ሚስቱ ለሐጅ መውጣት እንደምትፈልግ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገራቸው። እሳቸውም ዘመቻውን ትቶ ከሚስቱ ጋር ሐጅ እንዲያደርግ አዘዙት። ስሙ በመዝገብ ከሰፈረ በኋላ እንኳ መዝገቡ ለሴቲቱ ጉዳይ ቦታ ለቀቀ። መዝገብ የሰው አገልጋይ እንጂ ጌታ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምን አለ?

ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዲዋን የተባለውን የድጎማ መዝገብ ሲያቋቁሙ ሴቶችን ከመዝገቡ አላስቀሩም። እንዲያውም ከፍተኛው ድጎማ ከተጻፈላቸው መካከል የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደሚገኙበት የታሪክ ጸሐፍት ይናገራሉ። ይሁንና ያ መዝገብ በመጀመሪያ አንድ ስሕተት ነበረበት። ለሕፃናት ድጎማ የሚታሰበው ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት ዑመር መዲና የደረሱ መንገደኞችን ሲጠብቁ የሕፃን ለቅሶ ሰሙ። ደጋግመው እየሄዱ እናቲቱን ልጇን እንድታባብል ቢነግሯትም ለቅሶው አልቆመም። በመጨረሻ ምክንያቱን ሲጠይቋት፣ ማን መሆናቸውን አላወቀችምና፣ ዑመር ጡት ላልጣለ ሕፃን ስለማይሰጥ ልጇን ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። ዑመር በዚያ ንጋት ሲያሰግዱ ለቅሶ እያሸነፋቸው የሚያነቡት ለሰዎች አልለይ አለ። ከዚያም ማንም እናት ጡት ለማስጣል እንዳትቸኩል፣ ከተወለደ ቀን ጀምሮ ለሕፃን ሁሉ እንደሚጻፍለት አሳወጁ፤ ወደ አውራጃዎችም ትእዛዙን ጻፉ።

አንባቢ ሆይ! እዚህ ላይ ቆም በል። መዝገቡን የሠሩት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ሕጉም ሲታይ በደል አይመስልም። ነገር ግን ስትጻፍ እናቲቱን ያላሰበች አንዲት መስመር የሕፃን ጡት ነጠቀች። ጉድለቱ የታወቀው ደግሞ በመዝገብ ቤት አይደለም፤ መሪው በሌሊት ወጥቶ የሴቲቱን ድምፅ በጆሮው ሲሰማ ነው። ዛሬ «ዳታ» እያልን የምንጠራው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ማን ተጻፈ? ማን ቀረ? የቀረችውን ሴት ማን ሰማት? ጥያቄው ይኸው ነው።

ዛሬ በእኛ ከተሞች

ከመዲና ወደ ነቀምቴ እንመለስ። ዛሬ ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ሻምቡ ብትሄዱ ብዙው ጉዳይ በስልክና በኮምፒዩተር ሆኗል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል፤ በአፋን ኦሮሞም ይሠራል። ኤም-ፔሳም በ2015 ተከትሏል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ጸድቆ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፤ የባንክ አገልግሎትም ከዚሁ ጋር እየተያያዘ ነው።

ይህ ለሴት ልጅ ትልቅ በር ነው። በጎረቤት ኬንያ ኤም-ፔሳ ከተጀመረ ከዓመታት በኋላ፣ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ጥናት በስልክ ገንዘብ ምክንያት 194,000 ያህል ቤተሰቦች ከከፋ ድህነት መውጣታቸውን ገምቷል። ለውጡ ጎልቶ የታየው ሴቶች በሚያስተዳድሯቸው ቤቶች ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሴት በእጇ የያዘችውን ብር ባል፣ ወንድም፣ ልጅ ይጠይቃታል፤ በስሟና በምስጢር ቁጥሯ ያለውን ግን አስባ ታወጣዋለች።

በሩ ግን ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። በ2008 በተካሄደው የአገሪቱ የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶው 48ቱ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ በወንዶች ቁጥሩ 28 ነው። ማንበብ የማትችል እናት የምስጢር ቁጥሯን ለልጇ ወይም ለሱቁ ባለቤት ትነግራለች። ያኔ ምስጢሩ ምስጢር መሆኑ ቀረ። ስልኩ የእሷ፣ ጣቱ የሌላ ሰው ይሆናል።

የጋብቻችንም ነገር እንዲሁ ነው። ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ ባለች አንዲት ከተማ ያገኘኋት እህት 14 ዓመት በትዳር ኖራለች። ኒካሕዋ በሸሪዓው መሠረት በወሊይና በሁለት ምስክሮች ፊት ታስሯል፤ ግን አልተጻፈም። ባሏ በድንገት ሞተ። ከምስክሮቹ አንዱ ቀድሞት ሞቷል፤ ሁለተኛው በጸጥታው ችግር አካባቢውን ለቆ የት እንደገባ አይታወቅም። የባሏ ወንድሞች «ሚስቱ መሆንሽን አስረጂ» አሏት። አብራው የኖረችው፣ ልጆች የወለደችለት ሴት! ፍርድ ቤቶቻችን የሉም እንዳይባል የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረዋል፤ ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። የጋብቻ ምዝገባም በመላ አገሪቱ ከ2008 ጀምሮ ይካሄዳል። የጎደለው ሕግ አይደለም። የጎደለው በኒካሑ ቀን ከሠርጉ ምግብና ከድንኳኑ ወጪ ተርፎ የአንዲት ወረቀት ሐሳብ ነው። መህሯ ስንት እንደሆነ፣ የተከፈለው የትኛው፣ ዕዳ ሆኖ የቀረው የትኛው እንደሆነ የተጻፈላት ሙሽራ ስንት ትሆን?

መሬትም አለ። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ ደንግጎ ነበር፤ በ2016 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ሕጉ ታድሷል። አሁን የመሬቱ መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ ነው። ኮምፒዩተር ግን የጻፉለትን ይደግማል እንጂ የተዘለለ ስም አይጨምርም። በደብተሩ የተረሳች ሚስት በኮምፒዩተሩም ትረሳለች፤ ልዩነቱ አሁን በፍጥነት መረሳቷ ነው። ስለዚህ ዝውውሩ በሚደረግበት በዚህ ወቅት ሄዶ ማየትና ማስተካከል የነገን ክርክር ያስቀራል። ሁለት ቤት ያስተዳደረ ሰው ደግሞ አላህ ፍትሕን ቅድመ ሁኔታ እንዳደረገበት አይርሳ፤ የአንደኛዋን አስጽፎ የሌላዋን ሐቅ በቃል ማስቀረት ፍትሕ አይደለም።

ያልተቆጠረች

ከቤታችን ወጣ ብለን ሕዝብን በጅምላ እንመልከት። በ1999 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በነቀምቴ ከተማ 75,219 ሰዎች ተቆጥረው ከእነዚህ ውስጥ 36,834ቱ ሴቶች ነበሩ። ሙስሊሙ ከመቶ 11 ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ለ2010 ታስቦ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዘመ። በዚያ በ1999 የተወለደች የነቀምቴ ልጅ ዛሬ ለትዳር ደርሳለች፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ግን የሕዝብ ቆጣሪ ደጃፏን አላንኳኳም።

መንግሥትን ብቻ አንውቀስ። በየመስጊዶቻችን ዘካና ሰደቃ የሚከፋፈለው በምን መዝገብ ነው? በአብዛኛው በኮሚቴው አባላት ትውስታ ነው። ኮሚቴው ወንዶች ናቸው፤ የሚያስታውሱትም በሶፍ ላይ የሚያዩዋቸውን ወንዶች ነው። የቲም ልጆች ይዛ ቤቷ የተቀመጠች፣ ለመለመን የምታፍር ሴት በማን ትውስታ ትገባለች? ዓይኗ ስለማያይ ወይም እግሯ ስለማይችል ከቤት የማትወጣውስ? አላህ (ሱ.ወ) ለአንድ ዓይነ ስውር ሰው ጉዳይ ዐበሰ የተባለችውን ሱራ አውርዷል። እኛ ግን በሰፈራችን ስንት ዓይነ ስውር እህት እንዳለች ቁጥሯን አናውቅም።

መዝገብ ሴትን እንደሚያስገባ ሁሉ በር ሊዘጋባትም እንደሚችል ደግሞ ማወቅ ያሻል። ከወለጋ ርቃ በምትገኘው በአክሱም በ2017 የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ሒጃብ በመልበሳቸው ከክፍል የታገዱ ሙስሊም ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምዝገባ ቅጽ በጊዜው መሙላት አልቻሉም፤ ቁጥራቸውም 159 መሆኑን የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት አስታውቆ ነበር። ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ቅጹ በኮምፒዩተር መሆኑ ለእነዚያ ልጆች ምን ጠቀማቸው? ወደ ኮምፒዩተሩ የሚያደርሰው በር በሰው እጅ ነበርና።

መስመሩ ሲቋረጥ

የወለጋ ሰው ሌላም የሚያውቀው ነገር አለ። ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ተዘግቶ የእጅ ስልክ በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ይሠራ ነበር። ሦስት ወር ገደማ! የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ በተነገረበት በመጋቢት 2012 እንኳ መስመሩ ገና አልተከፈተም። ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ መጥራት አትችልም፤ ልጇ ከከተማ ገንዘብ የሚልክላት እናት መላኩንም አለመላኩንም አታውቅም። ቴክኖሎጂ ሁሉን ይፈታል ብለን ወረቀቱን ከመጣላችን በፊት እነዚያን ወራት እናስታውስ። በስልክ ያለው በወረቀትም ይኑር።

ወረቀት ደግሞ ይቃጠላል። ሰኔ 11 ቀን 2014 በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማውያን ተገደሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት በብዛት ነበሩባቸው። አላህ ይዘንላቸው። እንዲህ ካለው መዓት የተረፈች ሴት ቤቷ ሲቃጠል የመሬት ደብተሯ፣ መታወቂያዋ፣ የልጆቿ የልደት ወረቀት አብሮ ይነዳል። በተጠለለችበት ቦታ ማን መሆኗን፣ የማን ሚስት እንደነበረች፣ የት መሬት እንደነበራት የሚመሰክርላት ምንድን ነው? በሌላ ቦታ የተቀመጠ መዝገብ ለእንዲህ ያለች እህት የመጨረሻ ምስክሯ ነው። ለዚህ ነው በስልክም በወረቀትም ይጻፍ የምለው፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲመሰክርላት።

የመረጃ አማና

እህቶቻችን ለመመዝገብ የሚፈሩበት ምክንያት እንዳለም መካድ አይቻልም። ፎቶዬ የት ይደርሳል? ስልክ ቁጥሬን ማን ያየዋል? እያሉ ይጨነቃሉ። ጭንቀታቸው ከንቱ አይደለም። የሴት ልጅን ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ እያስተላለፈ የሚሳለቅ፣ በሐሰት ስሟን የሚያጎድፍ ወጣት ከእኛው መካከል አለ። ወንድሜ ሆይ! በሱረቱል ሑጁራት ሰውን መሰለል የተከለከለው፣ በሱረቱ ኑር ጥብቅ ሴቶችን ያለ አራት ምስክር የሚወነጅል ሰው 80 ግርፋት የተፈረደበት በምላስ ለሚደረገው ብቻ ይመስልሃል? ጣትህ በስልኩ ላይ የምትጽፈውም ይመዘገብብሃል። አገሪቱም በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች። ከአዋጁ በፊት ግን የቂያማ ቀን መዝገብ አለ።

መዝጋቢ መሥሪያ ቤቶችም ግዴታ አለባቸው። ለፋይዳ የሚወሰደው የፊት ምስል፣ የዓይንና የጣት አሻራ ነው። ኒቃብ የምትለብስ እህት ፊቷን ለሴት መዝጋቢ እንድታሳይ ቦታ ቢዘጋጅላት ደንቡም ይከበራል፣ ሴቲቱም አትሸማቀቅም። ይህን መጠየቅ ለመብት መቆም ነው። ጠይቀን ሳንሞክር ግን «ለኛ አይሆንም» ብለን እህቶቻችንን ቤት ማስቀረት በሃይማኖት ስም ሐቃቸውን መቅበር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ወንድም ሁሉ ዛሬ ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ፣ እናቱና እህቱ የያዙት ስልክ በማን ስም እንደሆነ ይጠይቅ። በእሱ ስም ከሆነ ይዟት ሄዶ ያዛውርላት።

ሁለተኛ፣ ኒካሕ የሚያስሩ ሸኾችና ኢማሞች ኒካሑን፣ መህሩንና የምስክሮቹን ስም በሁለት ቅጂ ሳይጽፉ ባይለያዩ፤ አንዱ ቅጂ በሙሽራዋ እጅ ይሁን። ወደ ክብር መዝገብ ምዝገባም ይላኳቸው።

ሦስተኛ፣ በየመስጊዱ የዘካ ተቀባዮች መዝገብ ይኑር። ቤት ለቤት ሄደው የሚጽፉት ሴቶች ይሁኑ፤ ሴት የሴትን ቤት ትገባለች፣ የማይነገረውንም ትሰማለች። ከ1999 ጀምሮ በነቀምቴ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ኮምፒዩተር የተማሩ ልጆቻችን በእረፍታቸው ይህን ቢያግዙ ትልቅ ሰደቃ ነው። መዝገቡ ግን ለኮሚቴው እንጂ ለወሬ አይከፈት።

አራተኛ፣ በመድረሳዎቻችን እናቶች ከቁርኣን ትምህርት ጋር ቁጥርና ፊደል፣ የምስጢር ቁጥር አጠባበቅ ይማሩ። ሺፋእ ቢንት ዐብዱላህ (ረ.ዐ) ለምእመናን እናት ሐፍሷ (ረ.ዐ) መጻፍ አስተምረዋል። የተሰበሰበው የቁርኣን ጽሑፍ በኋላ በአደራ የተቀመጠው በሐፍሷ ዘንድ ነበር። ኡማው ትልቁን መዝገቡን ለሴት አምኖ ከሰጠ፣ ለሚስታችን የአንድ ስልክ ቁጥር ማመን እንዴት ይከብደናል?

አምስተኛ፣ በስልክ የሚመጣ ብድር ሁሉ አይወሰድ። ወለድ ካለበት ሐራም ነው። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በአገራችን ከተፈቀደ ቆይቷል፤ በ2013 ሥራ የጀመረውን ዘምዘም ባንክን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችም አሉ። እህቶቻችን ጠይቀው ይግቡ።

ከዚህ ዓለም መዝገብ በላይ ሌላ መዝገብ እንዳለ እናምናለን። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ) ስለ ባሏ ስሞታዋን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስታሰማ አላህ ከሰባት ሰማይ በላይ ሰምቷት ሱረቱል ሙጃደላ ወረደ። በሰው መዝገብ ያልተጻፈች ሴት በአላህ መዝገብ ተጽፋለች፤ ሐቋን የበላውም እንዲሁ ተጽፏል።

እኔ ከመንገድ በተመለስሁ ማግሥት ወደ ነቀምቴ ሄጄ ከእህቴ ጋር ወረፋ ያዝሁ። ተራችን ሲደርስ ቁጥሩን በስሟ አዛወርንላት። ሠራተኛዋ ኮምፒዩተሩን ወደ እሷ አዙራ «ስምሽ ልክ ነው?» አለቻት። እህቴ ጎንበስ ብላ ፊደል በፊደል አነበበችና «ልክ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አሁን ወደ ሥራዬ ልሂድ» አለችኝና ገበያዋ ሄደች። እቁብተኞቿ ይጠብቋት ነበር።

አላህ ሐቅን በጊዜው ከሚያደርሱት ያድርገን። የሰው አማና በእጃችን ሳለ ከመሞት ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።